የድል ውኃ ያልጠጡት ቤቶች

በሰንቀልያ መንግሥት፣ ዘንዶው ሸምበል በተገደለ በዓመቱ፣ በድሉ በዓል ማግስት ሰማዩ የመግል ቀለም ያዘ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሕዝቡ ቆዳ ይቆስል፣ ይሸት ጀመር። የቤተ መንግሥቱ ነቢያት «የዘንዶው መንፈስ ከተራሮች ማዶ ነግሧል፤ ሄዶ የሚገድለው ጀግና ይነሣ!» ብለው ተነበዩ። ጀግኖች ፈረስ ጭነው ወጡ፤ አንድም አልተመለሰም።

ማርዳ ግን ከከተማዋ አልወጣችም። የዘንዶው ገዳይ የአዝማች ዶርሶም ልጅ ናት። «በአባቴ ሰይፍ እምላለሁ፤ የዚህን መቅሠፍት ምንጭ ሳላገኝ አላርፍም!» ብላ፣ በቅርቡ ባሏን ከቀበረችው ከሲሳና ጋር ቤት ለቤት ዞረች። ምን በላችሁ? ምን ጠጣችሁ? አዲስ ሕመምተኛ ላለበት ቤት ጥቁር ጠጠር፣ ለሌለበት ነጭ ከረጢቷ ውስጥ ትጨምራለች። ሽታው ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። ይበልጥ ያንገሸገሿት ግን ሽቶ የራሰ ጨርቅ አፍንጫቸው ላይ ይዘው «ድሃ ስለማይታጠብ ነው» የሚሉት መኳንንት ነበሩ። ከሐር ቀሚሳቸው ሥር እነሱም ይመግላሉ።

በአርባኛው ቀን ጠጠሮቹን ዘረገፈቻቸው። ነጮቹ ከሞላ ጎደል የሐዘን ቤቶች ነበሩ።

«ሞት አንዴ የገባበትን ቤት ይምረዋል መሰለኝ» አለች ሲሳና።

«እማማ፣ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያደርገው፣ እናንተ ሐዘንተኞች የማታደርጉት ምን አለ?»

«እኛማ ዓመት እስኪሞላን የድል ውኃ ክልክላችን ነው። ከወንዝ ነው የምንቀዳው።»

የድል ውኃ ከበዓሉ ቀን ጀምሮ ለሕዝቡ የሚቀዳው ከቤተ መንግሥቱ ምንጭ ነው። በምንጩ ውስጥ ደግሞ ለአባቷ ክብር ሲባል የሸምበል በድን ተጋድሟል።

«ንጉሥ ሆይ፣ የጥንብ እዥ ስንጠጣ ከርመናል!» አለች ማርዳ፣ በምንጩ ዳር በተዘረጋው ችሎት ፊት።

«የአባትሽን ድል ጥንብ ትይዋለሽ?» ብሎ ንጉሡ ጮኸ።

አዝማች ዶርሶም ግን ተነሥቶ የምንጩን የወርቅ ክዳን ገለበጠው። ከበሰበሰው ሥጋ መካከል የዘንዶው ልብ ገና ይመታል፤ በመታ ቁጥር ቢጫ መግል ይተፋል። የዘንዶ ልብ የሚቆርጥ ሰው ከነሕይወቱ እንደሚበሰብስ የማያውቅ አልነበረም። ማርዳ የአባቷን ሰይፍ አነሣች።

«አባቴ፣ ይተዉኝ፤ የማልኩት እኔ ነኝ!»

አባቷ ሰይፉን ከእጇ ወሰደ። «ያን ቀን ልቡን የተውኩት ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ሲጨበጨብልኝም ዝም አልኩ። የጀመርኩትን ልጨርስ።»

ወደ ምንጩ ሲገባ እዡ እስከ አገጩ ደረሰ። ልቡን ቆረጠው። ሲያወጡት ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ነበር፤ ማርዳ እየቀፈፋትም እያለቀሰችም አቅፋው ሳለ ሞተ።

በድኑ ተቃጠለ፤ ምንጩ ተጠረገ። በቀጣዮቹ አርባ ቀናት በማርዳ ከረጢት አንድም ጥቁር ጠጠር አልገባም። ያኔ ንጉሡ ሕዝቡን ሰብስቦ አወጀ፦ «ለታላቁ ጀግና ክብር፣ የአዝማች ዶርሶም አፅም በምንጩ ውስጥ ይረፍ!»

አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ። ማርዳ በጥቁር ልብሷ ንጉሡን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና መሬት ላይ ተፋች።

«አባቴን ማንም አይጠጣውም» አለች።

ከሲሳና ጋር አፅሙን ተሸክመው ወጡ። ውኃ ከማይደርስበት ኮረብታ ላይ ቀበሩት።