ያልቀላው ፊት

ሟቿ የፊቷን ቆዳ ለማስላጥ በተጋደመችበት አልጋ ላይ እንዳለች ነበረች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። መድኃኒቱን የቀባቻት የቆዳ ባለሙያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ያወጣው ለእሷ እንደሆነ አውቃለች። የሟቿ ባል፣ ለክሊኒኩ መድኃኒት የሚያቀርበው ነጋዴ፣ ጣቱን የቀሰረው በእሷ ላይ ነው፤ የክሊኒኩ ሐኪምም አንገቱን ደፍቷል።

ሽማግሌው መርማሪ አስቀድሞ ያነጋገረው ባለሙያዋን ነበር። እንደ ወትሮው ቀላሉን አሲድ እንደቀባቻት፣ ማርከሻውን የሶዳ ውሃ አዘጋጅታ እንደነበር፣ ፊቷ ድንገት ሲነጣ ሐኪሙን ልትጠራ እንደሮጠች ነገረችው።

«ስትቀቢያት ምን አለችሽ፣ ልጄ?»

«‹ዛሬስ አያቃጥልም፣ ደነዘዘኝ› ብላ ቀለደችብኝ።»

ባልየው ይህን ሐሰት ነው አለ። እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ነበርና።

«እስከ መጨረሻው ሲያቃጥላት ነበር። ፊቷም ቀልቶ ነበር፤ የነጣው ከሞተች በኋላ ነው። ልቧ ደካማ መሆኑን እንኳ ሳትጠይቅ ቀባቻት!»

መርማሪው ሁሉንም በአልጋው ዙሪያ ሰበሰበ። ባለሙያዋ ከቀባችበት ጠርሙስ ጥቂት ወደ ሶዳው ውሃ ጠብ አደረገ። ውሃው ዝም አለ።

«ቀላሉ ቢሆን አረፋ ይደፍቅ ነበር» አለች ባለሙያዋ በሹክሹክታ።

«ይደፍቅ ነበር። ይህ ብርቱው አሲድ ነው፤ ያደነዝዛል፣ ያነጣል፣ ደካማ ልብን ያቆማል። ክሊኒኩ ኖሮት አያውቅም።»

«እሷ አምጥታው ቢሆንስ?» አለ ባልየው።

«ሶዳ ብርቱውን አያረክሰውም፤ ብታውቅ ባላዘጋጀችው ነበር። እርሷ ውሃውን ስትበጠብጥ፣ ሚስትዎ ፊቷን ስትታጠብ፣ እዚህ ብቻዎን የቀሩት እርስዎ ነዎት። ማቃጠሉ፣ መቅላቱ ለታካሚ ሁሉ አስቀድሞ የሚነገር ነው። እርስዎ ያዩትን ትተው ሊሆን ይገባው የነበረውን መሰከሩ። ንጹሕ ሰው ‹ዛሬ ምነው ነጣች?› ባለ ነበር። ፍቺ መጠየቋንም ሐኪሙ ነግረውኛል።»

ባልየው ወደ በሩ ተመለከተ።

«ከሞተች ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣ የለም። በዚህ የቀየሩት የቀላሉ አሲድ ጠርሙስ የት ይሆን?»

የሰውዬው እጅ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። ፖሊሱ ቀደመው፤ ጠርሙሱንም አወጣው፤ ካቴናውም ገባለት።

ባለሙያዋ በአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ወረደ። ሐኪሙ ሊያጽናናት ቢጠጋ መርማሪው በእጁ ከለከለው።

«ይተዉዋት፣ ታልቅስ» አለ። «እስካሁን ለሟቿ ያለቀሰላት የለም።»