ከቁስቋም ግንብ የተሰበረው መስቀል

ሸጋዬ ዐሥር ዓመቷ ነበር። የተወለደችው ጭልጋ ነው። በዚህ ታሪክ ግን የምናገኛት ጎንደር ከተማ፣ አራዳ አጠገብ፣ በአክስቷ በወይዘሮ እናኑ ቤት ነው። ጊዜው ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እናቷ ታማ ስለ ተኛች፣ "ልጅቱ ከተማ ገብታ ትማር" ተብሎ መጣች። ማንም አልከፋባትም። ቀሚስ ተሰፋላት፤ ትምህርት ቤት ገባች። ነገር ግን እንደ እናቷ ስሟን አቆላምጦ የሚጠራት አልነበረም። ልጆች፣ ሰው በሞላበት ቤት ብቻችሁን ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ሸጋዬ እንደዚያ ነበረች።

የአክስቷ ባል አቶ ወልደ ዮሐንስ የታሪክ መምህር ነበሩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቡን ይዘው ጥንታዊ ቦታ ሊያሳዩ ይወጣሉ። አንድ ልጃቸው ማሩ ይባላል። ማሩ እግሩ አንድ ቦታ የማይረጋ፣ ግንብ ካየ የሚወጣ፣ ጉድጓድ ካየ የሚገባ ልጅ ነው። እንደ እርሱ ያለ ከመካከላችሁም አይጠፋም፤ ስሙን አልጠራም።

የፋሲልን ግንብ ያሳዩአቸው ቀን አቶ ወልደ ዮሐንስ እንዲህ አሉ፦ "ይህ በተሠራ ዘመን በህንድ አገር አንድ ንጉሥ ለሞተች ሚስቱ በነጭ እብነ በረድ ታላቅ መቃብር ያሠራ ነበር።" ማሩ ጥያቄ አዘነበባቸው። ሸጋዬም አንድ ጥያቄ ነበራት። ንጉሡ መቃብሩ ሲያልቅ ማልቀሱን ተወ ወይ ልትል ፈለገች። ግን ትምህርት ቤት ልጆች በባላገር አነጋገሯ ስለሚስቁ ዝም ማለትን ለምዳ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው እሑድ ወደ ቁስቋም ወጡ። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በፈረሰው ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። "ከስኮትላንድ የመጣ አንድ መንገደኛ የዓባይን ምንጭ ሲፈልግ እዚህ ሰንብቷል" አሉ አቶ ወልደ ዮሐንስ። ሸጋዬ፣ ያ ሰው ከማን ጋር ይጫወት ነበር ይሆን ብላ አሰበች። አዘነችለት።

ሌሎቹ ወደ ፊት ሲያልፉ እርሷ ወደ ኋላ ቀረች። አንዱን መስቀል በጣቷ ነካችው። ቀይ ትቢያ በጣቷ ቀረ። ያን ጊዜ እናቷ ትዝ አለቻት። አገሯ ሰው ሲታመም ካህኑ እምነት ይቀቡታል፤ ይህም ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ የተባረከ አመድ ነው። "ይህም ከማርያም ደጅ ነው። እናቴን ያድናት ይሆናል" አለች በልቧ። ካህኑን ብትጠይቅ እኮ በነፃ ይሰጧት ነበር! ግን መጠየቅ አፈረች። ድንጋይ አነሣችና የመስቀሉን አንድ ክንድ መታችው። ተሰበረ። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ሊወጡ ሲሉ የደብሩ ካህን አባ ኃይለ ጊዮርጊስ አዲሱን ስብራት አዩ። "በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ማንም አልነካውም ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው አዘነ።

አቶ ወልደ ዮሐንስ ወደ ማሩ ዞሩ። ልጁ ግድግዳ ላይ ሲንጠላጠል ነበር የዋለው።

"አንተ ነህ?"

"አይደለሁም አባባ።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"አላውቅም።"

አላመኑትም። "በፋሲካ ሳምንት ጎርጎራ አትሄድም" አሉት። ጎርጎራ መሄድ ለማሩ፣ ልጆች፣ ለእናንተ ሰማይ ላይ እንደ መብረር ማለት ነበር። በጭነት ማኪና ሊሄዱ፣ ሐይቁን ሊያዩ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ያሠሩትን ፍርስራሽ ሊያዩ ነበር። ማሩ አንገቱን ደፋ። ሸጋዬ የነጠላዋን ቋጠሮ ከጀርባዋ ደበቀች።

ከዚያ ቀን በኋላ እህል አልወርድ አላት። ማሩ ባለበት መቀመጥ ተወች። ድንጋዩን ፈጭታ ለእናቷ ልትልክ አስባ ነበር፤ ግን በነካችው ቁጥር መልሳ ትቋጥረዋለች። ፊት ብቸኛ ነበረች፤ አሁን ግን ብቸኝነቱን ራሷ ጨመረችበት።

ስቅለት ደረሰ። ሰው ሁሉ በቁስቋም ሲሰግድ ዋለ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ካህኑ ፊት ቀርቦ ኃጢአቱን ይናገራል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ አድርገው ተጨማሪ ስግደት ያዝዙታል። የሸጋዬ ተራ ደረሰ። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ጎንበስ አሉ።

"ምን አጠፋሽ ልጄ?"

ቋጠሮዋን ፈትታ ድንጋዩን አሳየቻቸው። "ለእናቴ እምነት ይሆናል ብዬ ነው አባ። ታማብኛለች።"

አባ ድንጋዩን ተቀበሏት። "እንደ ነበረ አይሆንም" አሉ። "ለኔ መናገርሽ ሸጋ ነው። ግን በአንቺ ፈንታ የተቀጣ ልጅ አለ። ለአባቱ ሳትነግሪ ስግደትሽ አያልቅም።" ከዚያ ትንሽ እምነት በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት።

ቤት ሲደርሱ ሸጋዬ አቶ ወልደ ዮሐንስ ፊት ቆመች።

"አያ፣ መስቀሉን የሰበርሁት እኔ ነኝ። ማሩ አይደለም። እናቴን ያድናት ይሆናል ብዬ ነው።"

አቶ ወልደ ዮሐንስ መጀመሪያ ልጃቸውን ጠሩ። "ሳላጣራ ፈረድሁብህ፤ ይቅር በለኝ" አሉት። ከዚያ ወደ ሸጋዬ ተመለሱ። "ጎርጎራ አትሄጂም። እናትሽ እንዲህ ስትናፍቅሽ ሳላይ መቅረቴ ግን የኔ ጥፋት ነው።" ወይዘሮ እናኑ እምነቱን ወደ ጭልጋ ለሚመለስ ሰው ሰጡላት። እናቷ ዳነች ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ክረምት ሲገባ ተነሥታ ወደ እርሻዋ ወጥታለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በፋሲካ ሳምንት ማኪናው ሌሎቹን ይዞ ሄደ። ሸጋዬ ከአክስቷ ጋር ቀረች። ቀኑ ረዘመባት። ወደ ማታ ማሩ አቧራ ለብሶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ደንገል ታንኳ፣ ስለ ፈረሰው ግንብ ሳያቋርጥ ነገራት። ከዚያ ድንገት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስትሰብሪው አይቼሽ ነበር" አላት።

"ምነው ታዲያ አላውቅም አልህ?"

"ወደ ጭልጋ ይመልሱሻል ብዬ ፈራሁ። አንቺ ሳትመጪ በፊት እኔም በዚህ ቤት ብቻዬን ነበርሁ።"

ሸጋዬ አለቀሰች። ማሩ ግን ደረቅ ዳቦውን ከኪሱ አውጥቶ ቆረሰላት።

ልጆቼ፣ ጥፋትን መደበቅ ከሚወዱን ሰዎች ይለየናል፤ እውነትን መናገር ግን ቢያስቀጣንም እንኳ ወደ እነርሱ ይመልሰናል።