ንጹሑ ካፖርት

ሟቹ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። መርማሪዋ የሚያማትን ጉልበቷን ደግፋ አጎነበሰችና ዘበኛው ያለበሰውን ሸራ ገለጠች። ሰውዬው ወፍ ቆጣሪ ነበር፤ ሊፈርስ በተወሰነው በዚህ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ጎጆ የሠሩ ወፎች እንዳሉ ሊያጣራ መጥቷል የተባለ። ጫጩት ከተገኘ፣ እስኪበር ድረስ ማፍረስ በሕግ ክልክል ነው።

ሸራው በወፍ ኩስ ተዥጎርጉሯል። የሟቹ ጥቁር ካፖርት ደረት ግን ንጹሕ ነው።

«አባባ፣ ሸራውን መቼ አለበሱት?»

«አሁን ሲነጋ፣ ገና እንዳየሁት። ትናንት እረፍቴ ነበር፣ እትዬ።»

«ወፎቹ አያስቸግሩም?»

«ኧረ ይተዉኝ! ኪራይ አይከፍሉ፤ ጠራጊያቸው ግን እኔው።»

የመጋዘኑ ባለቤት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ያሻል። «ቀን ጆሮዬን ይበሉታል፤ ሌሊት ብቻ ነው ዝም የሚሉት። ባለፈው ሳምንት የሟቹ ባልደረባ ‹ባዶ ነው› ብሎ ሲፈርምልኝ፣ የተማረ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። መሟገት ሰልችቶኛል።»

ባልደረባውን ያገኘችው ግቢው በር ላይ ነው።

«ትናንት ከቀትር በኋላ መሰላሉን ሲወጣ ትቼው ሄድኩ» አላት። «እንደው በከንቱ! ያረጀ ጎጆ ነው፤ ወፍ ከለቀቀው ቆይቷል።»

«ራስህ አይተኸዋል?»

«ሥራዬ አይደል?»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሬሳው አጠገብ፣ ከመሰላሉ በላይ ካለው ጎጆ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ሸራ የለበሰው ዛሬ ጠዋት ነው፤ እዩት ምን እንደ መሰለ። ካፖርቱ ከትናንት ቀትር ጀምሮ እዚህ ቢውል ኖሮ ነጭ በሆነ ነበር። የቆሸሸው ጀርባው ብቻ ነው፤ ያም ከወለሉ። እንግዲህ ሬሳው የመጣው ወፎቹ ከተኙ በኋላ ነው።»

ባለቤቱ ብድግ አለ። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«ይቀመጡ። እርስዎ ጩኸቱን ያውቁታል፤ አባባም ኩሱን ይጠርጋሉ። ሁለታችሁም ብትሆኑ ሌላ ጥግ ትመርጡ ነበር። እዚህ የሚያስተኛው ጎጆው ባዶ መሆኑን ያመነ ሰው ነው።» ወደ ባልደረባው ዞረች። «ደግሞ ቀን መሰላል ሲወጣ አየሁት ያልከኝ አንተው ነህ።»

ጅራተ መቀስ ወፍ በተሰበረው መስኮት ሽው ብላ ገባች። ጫጩቶቹ ተንጫጩ። ባልደረባው እንደ ተመታ ክው አለ።

«ስንት ሕንጻ አዳርሼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ደክሞኝ ነበር። ከበር ቆሜ ‹ባዶ› ብዬ ፈረምኩ። ሳላይ መፈረሜን ትናንት ደረሰበት። ቢሯችን ደረጃ ላይ ‹እንጀራዬን አትዝጋ› ብዬ ለመንኩት። ‹ጫጩት ቢኖርስ?› አለኝ። ገፋሁት... ጨለማ ሲሆን አመጣሁት።»

እጁ ላይ ካቴና ገባ።

«እህ፣ ስንት ጊዜ ልጠብቅ ታዲያ?» አለ ባለቤቱ ለማንም ሳይሆን።

የታሰረው ሰው ቀስ ብሎ ቀና አለና ጎጆውን ለረጅም ጊዜ አየ።

«አራት ናቸው። ላባቸው እየሞላ ነው። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው።»

በዚያ መጋዘን የመጀመሪያ ቆጠራው ይህ ነበር።