ፊቱ የተገለበጠው መስኮት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዝናቡ እንዳባራ... በገዛ ቤቴ።

ቤቴ ሁለት ክፍል ናት። አሥራ አንድ ዓመት ስከራይ ኖሬ፣ ከአፌ ቀንሼ የሠራኋት።

መስኮቶቹን የሠራልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አናጢ ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። የሰፈር ሰው ግን «ውሃልክ» ይለዋል፤ የተንጋደደ ነገር ከእጁ አይወጣማ።

«የብረት ላስገባ ይሆን?» ብዬው ነበር።

«ብረት ምን ያደርግልሻል! በብርድ ጊዜ ያንዘፈዝፍሻል፣ በሙቀት ጊዜ ያነድሻል። እኔ እያለሁ? ከደረቀ ጥድ አዲስ እሠራልሻለሁ።»

የሳሎኑን መስኮት እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ልጎ ሠራው። የልጄን ክፍል መስኮት ግን ተሠርቶ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ አመጣው።

ዕቃውን እየሰበሰበ «ይሄኛውን እንዳትፍቂው» አለኝ። «ቀለሙ ሲለቅ ላዩ ላይ ደርቢበት።»

ገረመኝ። አሮጌ ቀለም ሳይፋቅ አዲስ አይደረብም፣ እንጨት በዓመት አንዴ የተልባ ዘይት ካልጠጣ ይሰነጠቃል እያለ ጆሮዬን ያደነቆረኝ ራሱ ነው። ቢሆንም ጋሼ ካለ አለ ነው።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ የስድስት ዓመቷ ልጄ፣ ሚጢ፣ ክፍሏ አልተኛም አለች።

«እማዬ... መስኮቱን ያንኳኳል።»

«ማን?»

«እኔ እንጃ።»

«ከውጭ ነው?»

«አይ... እዚህ ጋ ሆኖ ነው» ብላ የአልጋዋን ጫፍ አሳየችኝ።

እንጨት ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ይንቋቋል። እሱ ነው ብዬ አባበልኳት።

በማግስቱ መስታወቱ ላይ የእጅ አሻራ አየሁ። ከውጭ ብወለውለው አለቀቀም።

አሻራው በውስጥ በኩል ነበር። መዳፉ የሕፃን ነው... ጣቶቹ ግን ከእኔ ይረዝማሉ።

ከዚያ ቀለሙ መላጥ ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ዝናብና ፀሐይ የሚያገኘው ውጪውን ነው። የተላጠው ግን በክፍሉ በኩል ነው።

ያን እሑድ እልክ ያዘኝ። መቀርቀሪያውን ፈታሁና በመፋቂያና በብርጭቆ ወረቀት ጀመርኩት።

ከነጩ ቀለም ስር የወጣው አዲስ ጥድ አልነበረም። ዝናብ የበላው፣ አመድ የመሰለ አሮጌ እንጨት ነው።

የመስኮቱን የታች ጠርዝ ከስሩ ዳሰስኩ። የዝናብ ውሃ ግድግዳ እንዳይነካ የምትቦረቦር ቀጭን ቦይ አለች፤ አናጢዎች ሁሌም በውጭ በኩል ነው የሚሠሯት። እዚህ ግን ወደ ልጄ አልጋ ዞራለች።

መስኮቱ ፊቱ ተገልብጦ ነው የተገጠመው። ይህን ጀማሪ እንኳ አይሳሳተውም፤ ውሃልክማ እንዴት ተብሎ!

ከቦይዋ በላይ እንጨቱ በጥፍር ተቧጭሯል። ክፈቱልኝ እንደሚል ሰው... ደጋግሞ... በጥልቀት።

ደወልኩለት። እየሮጠ መጣ። የተፋቀውን ሲያይ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ፊቱ ጠቆረ።

«ፋቅሽው?» አለ በሹክሹክታ። «ነይ ውጪ። እዚህ አናውራ።»

ግቢ ወጣን። ሚጢ ቀሚሴን ጨብጣ ተከተለችን።

«አሮጌ ነው አይደል?»

«ከፈረሰ ቤት ነው ያነሣሁት... ለራሴ ቤት ነበር የገጠምኩት።»

«ከዛስ?»

«ማንኳኳት ጀመረ። ከውጭ። ልጆቼ እንቅልፍ አጡ።»

«እና ነቅለህ ለእኔ አመጣኸው?»

የመሣሪያ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለምን ገለበጥከው?»

መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። «ውጭ ከቀረ የቤቴን መንገድ ያውቀዋል። ፊቱን አዙሬ ስገጥመው... ወደ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል።»

«እኔ ቤት ውስጥ?!»

«ልጆች አሉኝ እኮ!»

«ይህቺስ ምኔ ናት?» አልኩና ሚጢን ወደፊት ጎተትኳት። «ንገረኝ እስቲ፣ ምኔ ናት?!»

ቀና ብሎ አላያትም። ባዳ ቢሆን ባልቆጨኝ። የእናቴ ልጅ፣ ያሳደገኝ ሰው፣ ልጄን በልጆቹ ለውጦ አሳልፎ ሰጣት።

ያኔ መስኮቱ ከውስጥ ተንኳኳ።

ኳ... ኳ... ኳ...

ሦስታችንም ደጅ ነን። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

«እንዳትከፍቺ!» አለኝ፣ ክንዴን ለቀም አድርጎ። «በእናታችን አፈር! እኔ በሚስማር እመታዋለሁ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ኑሪ።»

«ዝም ብዬ ልኑር? ልጄን ከሱ ጋር ዘግቼ?»

ፈጠን ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩና መዝጊያውን ከውጭ ሳብኩት።

ወለል ብሎ ተከፈተ።

ምንም የለም። አልጋው፣ ብርድ ልብሱ፣ የፋቅኩት ቀለም ብናኝ። ቀዝቃዛ ነገር ብቻ ጉንጬን ዳበሰኝና አለፈ።

«ወጣ» አለች ሚጢ፣ ቀስ ብላ።

ጋሼ አንዴ እኔን፣ አንዴ መስኮቱን አየ። የመሣሪያ ቦርሳውን አንሥቶ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ከግቢ ወጣ።

እስከ በሩ ተከተልኩት። መንገዱ ከዝናቡ ጭቃ ነው። የጫማው ዱካ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከጎኑ ሌላ ዱካ ነበር። ባዶ እግር... ትንሽ... ጣቱ ረጃጅም። እሱ አንድ ሲራመድ ጭቃው ላይ አንድ ይታተማል።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ሚጢን አየሁ... መልሼ ዘጋሁት።

ጋሼ ዞሮ አላየም። ኩርባው ጋ ሲደርስ ግን ቦርሳውን ወደ ግራ ትከሻው አዛወረና ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ ዘረጋ፤ ሕፃን ይዞ እንደሚሄድ ሰው።