የሦስተኛው ማማ ድምፅ

ወላሂ ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። በእርጅናዬ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ልጽፈው ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት...

በ1921 ዓ.ም. ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ካለ የማሽላ እርሻ ላይ።

ያኔ ባሪያ ነበርኩ። እግራችን አልታሰረም። አላስፈለገም።

በአንድ በኩል ውሃ የሌለው በረሃ። በሌላው የጌቶች ደጋ። እነሱ ወባ ፈርተው ቆላ አያድሩም። እኛ ግን እዚያው ነን፣ ከወባው ጋር።

ሥራችን ግሪሳ ወፍ ማባረር ነበር። አምስት ማማ አለ። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው በተራ እንጮሃለን። አዛዡ ዓለሙ ጥላ ሥር ተጋድሞ ያዳምጣል። አንድ ድምፅ ከጎደለ አለንጋውን ይዞ ይነሣል።

ሦስተኛው ማማ የእኔና የሰባት ዓመቷ ልጄ የሙሀባ ነው። እኔ ስጮህ እሷ ትከተለኛለች።

በማግስቱ ጌቶች ልጃቸውን ይድራሉ። ሙሀባን ለሙሽራዋ በገረድነት ሊሰጧት ነው።

ከወንዙ ማዶ የግመል ነጋዴዎች ነበሩ። ሊወስዱን ቃል ሰጥተውኛል።

የአራተኛው ማማ ጠባቂ እትዬ ወይንሸት ወደኔ መጥታ አንሾካሾከች።

«ሂጂ። በተራሽ እኔ እጮሃለሁ።»

«ድምፃችን ይለያያል እኮ፣ እትዬ።»

«በዚህ ሙቀት ዓለሙ ያንቀላፋል። ቁጥሩ ከሞላለት ምን ቸገረው?»

ወረድን። ማሽላው ውስጥ ጎንበስ ብለን ሄድን። ነፋስ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም።

«ሆ... ይ!» አንደኛው ማማ።

«ሆ... ይ!» ሁለተኛው።

ቆም ብዬ አዳመጥኩ...

«ሆ... ይ!» ሦስተኛው።

አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ።

ዓለሙ ከሩቅ ሳቀ። «አንቺ ዘምዘም! ዛሬስ ድምፅሽ አማረ! ማሽላውን ለግሪሳ የዳርሽው መስሎኝ ነበር!»

የእትዬ ወይንሸት ድምፅ ሻካራ ነው።

ይሄኛው... የእኔ ነበር።

ቀጥሎም አንድ ቀጭን ድምፅ ተከተለው። የሕፃን።

ሙሀባ እጄን ጨበጠች። «እማ... እኔ አልጮህኩም።»

«ዝም በዪ።»

አራተኛው ማማ ሥር ስንደርስ እትዬ ወይንሸት መሬት ላይ ተኮራምታለች። ወባው ተነሥቶባት ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ይቅር በዪኝ... መጮህ አቃተኝ። የራሴን ተራ እንኳ አምስተኛው ነው የጮኸልኝ።»

«ታዲያ ሦስተኛው ላይ ማነው የሚጮኸው?»

ዓይኗን ጨፈነች። «ወደ ኋላ አትዙሪ። ሂጂ።»

ወንዙ ውስጥ ገባን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።

መሃል ላይ ውሃው ደፈረሰ። ቀላ።

ደጋው ዘንቧል።

ሙሀባን አዝዬ ሮጥኩ። ማዶ ስንወጣ ደራሽ ውሃው ዛፍ እየነቀለ ከኋላችን አለፈ። ከእንግዲህ መመለሻ የለም።

ያን ጊዜ ዞርኩ።

ሦስተኛው ማማ ላይ አንዲት ሴትና አንዲት ሕፃን ቆመዋል። ሴትዮዋ ወንጭፍ ታዞራለች። ሕፃኗ ወደኛ ታያለች።

እርሻው ሁሉ በግሪሳ ጠቁሯል። ከእነሱ በታች ግን አንድም ወፍ የለም።

ሙሀባን ከጀርባዬ አወረድኳት። «አየሻቸው?» አልኳት።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች። ከንፈሯ «እማ» አለ።

ድምፁ ግን የመጣው ከማዶ ነው...

ከማማው ላይ።