የማይከፈለው ቁጥር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስት ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር በአንዱ እሑድ ማለዳ፣ የፖሊሱ መቶ አለቃ ደምለው ሞጣ ትምህርት ቤት ሲደርስ የሒሳብ አስተማሪው ወልደ ሰንበት ከጥቁር ሰሌዳው ሥር በጀርባው ተዘርሮ፣ ራሱ የድንጋዩን እርከን ተንተርሶ ነበር። ደሙ ደርቋል።

ደምለው ሬሳውን አይቶ ሲያበቃ ዓይኑን ሰሌዳው ላይ ተከለ። ከላይ 1,234,567 ተብሎ በጠመኔ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ሁሉ ተጠርጓል፤ ያውም ዳስተሩ እዚያው ተሰቅሎ ሳለ፣ በእጅጌ፣ በችኮላ።

የሟች እህት ሀብትነሽ ደረቷን እየደቃች ቀረበች።

«ቅዳሜ ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ ተነሣ፣ ጌታዬ። ‹ተከፈለ፣ ሀብቴ! ተከፈለ!› እያለ። ‹ለስንት?› ስለው፣ ‹መጀመሪያ ፋንታ ይስማው፤ ደስ ይለዋል› አለኝ።»

ፋንታ የቢቸና የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ከሟች ጋር ከቅኔ ቤት ጀምሮ እንደ ወንድም ያደገ። ያን ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር የሚከፍለው የለም ብሎ ካወጀ ወዲህ አገሬው «አይከፈሌ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል።

የሟች ጎረቤት፣ ነጋዴው እንድሪስ ደግሞ በዚያው ቅዳሜ በአጥር ተጣልቶ ሟችን «አሳይሃለሁ!» ሲል ተሰምቷል።

«ብያለሁ» አለ እንድሪስ፣ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ። «አላህ ይይልኝ፣ የጠላሁት አጥሩን ነው እንጂ እሱን አይደለም።»

ፋንታ መርዶውን በስልክ ሰምቶ ለቀብር ደረሰ።

«ከሟች ጋር ከተያያችሁ ቆያችሁ?» አለው ደምለው።

«ከጥምቀት ወዲህ አልተያየንም።»

«እንዲያው ይህ ቁጥር፣ በእርግጥ አይከፈልም?»

ፋንታ «አይ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ይከፈላል» አለ በመጨረሻ። «ለመቶ ሃያ ሰባት። ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አንድ ይደርሳል።»

«መቼ ደረሱበት?»

«ቆየሁ። ወር አልፎኛል።»

ደምለው ወደ ቢቸና ስልክ ደወለ። ከቀብር መልስ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«እንድሪስ ገድሎት ቢሆን ሰሌዳው ምኑ ነው? የጠረገው ጽሑፉ ያቃጠለው ሰው ነው» አለ። «መምህር ፋንታ፣ ዓርብ ዕለት ለተማሪዎችዎ ‹አይከፈልም› ብለዋል፤ ርእሰ መምህሩ ነግረውኛል። ስለ ቁጥር ፖሊስን መዋሸት ያቃተዎ ሰው ሕፃናትን አይዋሹም። ዓርብ አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ያውቃሉ። በመካከሉ ያወቀው ወልደ ሰንበት ብቻ ነው፤ እሱም መቶ ሃያ ሰባትን ለእህቱ እንኳ አልነገራትም። ማን ነገረዎ?»

ፋንታ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«ቅዳሜ ስልክ ደውሎ ነገረኝና በጭነት መኪና መጥቼ ነበር» አለ ፋንታ። «እስከ ሺህ መቶ አሥራ አንድ ድረስ እያካፈልኩ ሞክሬው፣ መቶ ሃያ ሰባት ላይ ስሌቱን ስቻለሁ። ለማንም አትንገር ብዬ ለመንኩት። እየሳቀ ‹እንዴት ደስ አይልህም?› አለኝ። ገፋሁት።»

«ወዲያው ሞተ?» አለች ሀብትነሽ።

ፋንታ አቀረቀረ። «‹ውሃ... ውሃ› አለኝ።»

«ሰጠኸው?»

«ሰሌዳውን ጠረግሁ።»

ሀብትነሽ አልጮኸችም። የድንጋዩ እርከን ላይ ልትቀመጥ ስታጎነብስ እንድሪስ ዘሎ ደገፋት። ደምለው ስንት ወንጀለኛ ያሰረበትን ሰንሰለት አወጣ፤ የፋንታን ፊት ግን ማየት አልቻለም።