በእናቴ መለኪያ ሠላሳ ስምንት

ኮሄይን መጀመሪያ ያየሁት ሲጨቃጨቅ ነው። ጭቅጭቁም ከሰው ጋር ሳይሆን በእጁ ከያዛት የጨረር መለኪያ ጋር ነበር።

እኔ በናናሳዋ መንደር አዳራሽ መለኪያ አውሳለሁ፤ ሰው ከጓሮው የሚያመጣውንም አትክልት እመረምራለሁ። በአቅራቢያችን ያለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ከፈነዳ ወዲህ እኛ ጋ አንድ ቅርጫት እንጉዳይ እንኳ ሳያስለኩ ለጎረቤት መስጠት ነውር ሆኗል። ኮሄይ ደግሞ በጨረሩ ተዘግቶ የነበረው መንደር ዳግም ሲከፈት፣ ካኪ የሚባለውን ጣፋጭ ፍሬ የሚያፈሩትን የአባቱን ዛፎች ብሎ የተመለሰ የመጀመሪያው ወጣት ነበር።

«ይቺ ማሽን ታማለች፤» አለና መለኪያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት። «ጠዋት ደጄ ላይ ዜሮ ነጥብ አንድ አለች። እዚያው ቦታ አሁን ደግሞ አርባ ትለኛለች።»

«አልታመመችም፤ ቁልፏን ነክተህባት ነው። ከቁጥሩ ሥር የተጻፈውን አላየኸውም?»

«አርባ የሚል ቁጥር አይቼ ሥሩን ላነብ ነው እንዴ?»

ሳቄ መጣ። እየሳቅኩም አስረዳሁት። ጠዋት ያየው ማይክሮሲቨርት በሰዓት ነው፤ እዚያ ቦታ ብንቆም በአንድ ሰዓት ምን ያህል ጨረር እንደሚያገኘን ይነግረናል፣ ልክ እንደ መኪና ፍጥነት። አርባው ግን ማሽኗ በደቂቃ ስንት ጊዜ ጨረር እንደነካት ቆጥራ ያወጣችው ነው። ቁጥሩ ተለወጠ እንጂ ደጁ ያው ደጅ ነው።

«ምግብስ?»

«እሱ ቤክሬል በሚባል ሌላ መስፈሪያ ነው፤ በዚህች አይለካም። እዚህ ታመጣልኛለህ።»

አመጣ። ካኪ አመጣ፣ ድንች አመጣ፣ ነጭ ሽንኩርት አመጣ። አንድ ቀን ደግሞ የሱቁ የዋጋ ወረቀት ገና ከላዩ ያልተላጠ ጎመን ይዞ መጣ።

«ይሄ እኮ ከከተማ የተገዛ ነው፤» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። «ጓሮዬ ውስጥ ያለው አለቀብኝ።»

ጎመኑን ለካሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ይነሳ ነበር።

የቸገረን የእናቴ ነገር ነው። ጣቢያው ሲፈነዳ አባቴ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር፤ ብቻዋን እጄን ይዛ ወደ ኮሪያማ ከተማ ሸሸች፤ ከዚያ ወዲያ፣ እኔ ለሥራ ስመለስ እንኳ፣ ናናሳዋን ዞር ብላ አላየችም። ኮሄይን ላገባ ነው ስላት እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠች።

«የምትኖሪበትን ቤት ሳላይ አልመርቅሽም፣ ሺዮሪ፤» አለች።

እኔ ያለ እናቴ ምርቃት አላገባም። እሱም ዛፎቹን ነቅሎ ከተማ አይገባም። ሁሉም ነገር በዚያች ጉብኝት ላይ ተንጠለጠለ።

በመከር መጣች። የተላጠው ካኪ እንዲደርቅ በገመድ ተሰክቶ ከኮሄይ ጣራ ክፈፍ ሥር ተደርድሯል። ቀና ብላም አላየችው። ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለች የራሷን መለኪያ አወጣችና መኝታ ቤቱ መስኮት አጠገብ ያዘቻት።

ሠላሳ ስምንት።

መለኪያዋን ወደ እኔ አዞረች። «ያኔ ስንሸሽ ሁለት ነበር የምትለው። ሁለት ብላኝ ነው ቤቴን ጥዬ የሮጥኩት።»

«እትዬ ሚትሱኮ፣» አለ ኮሄይ ቀስ ብሎ፣ «እሱ ቁጥር እኮ ሌላ...»

«አንተማ ምን ትላለህ፤ ልጄን ትፈልጋለህ።»

ኮሄይ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። እናቴ ግን ወደ መኪናዋ ወጣች፤ ያኔ ብናገር እንደማታምነኝ ስላወቅኩ ተከትያት ገባሁ።

ኮሪያማ ያለው ቤቷ ስንገባ መለኪያዋን መኝታ ቤትሽ ውስጥ አብሪያት አልኳት።

«እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ለእኔ ስትይ፣ እማዬ።»

እዚህ ከገባች ወዲህ አብርታት አታውቅም፤ ያንን ቁጥር ዳግም ማየት ስለፈራች በፎጣ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከትታት ነበር። አበራቻት። ሠላሳ አንድ አለች።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ነው የተኛሁት።»

ከቁጥሩ ሥር ያለውን አሳየኋት፤ በደቂቃ ይላል። ቁልፉን ተጫንኩ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ፣ ማይክሮሲቨርት በሰዓት።

«ስጠቀልላት ነክቻት ይሆናል፤» አለች በቀጭን ድምፅ። መለኪያዋን እየጠቀለለች ደግሞ፣ «ቁጥሩስ እሺ። ሰውየው የሚደብቀኝ ነገር ቢኖርስ?»

በሳምንቱ አብረን ተመለስን። ኮሄይ እጅ ነሳትና ወደ ቤት ሳያስገባት ከጎተራው ጀርባ ወሰዳት። የጣራው ውኃ የሚወርድበት ቦታ በገመድ ታጥሯል።

«እዚህ ይለኩልኝ።»

እናቴ አጎንብሳ፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል አነበበችው። «ዜሮ ነጥብ ስድስት። ማይክሮሲቨርት። በሰዓት።»

«ከግቢዬ ሁሉ የከፋው ቦታ ይሄ ነው። ዝናቡ ከጣራው ያጠበውን እዚህ ነው የሚያጠራቅመው። አፈሩ በጸደይ ተቆፍሮ ይወሰዳል። እስከዚያ ሺዮሪ እዚህ አትቆምም፤ ልጅ ከወለድንም...» ጆሮው ቀላ፤ አልጨረሰውም።

«ባለፈው ለምን አላሳየኸኝም?»

«ላሳይዎት ነበር፤ ጥለውኝ ሄዱ።»

መለኪያዋን አጠፋች። ከዚያ ወደ ክፈፉ ሄዳ አንድ ካኪ ፈታች።

«ይሄ ተለክቷል?»

«አሥራ ሁለት ቤክሬል በኪሎ፤» አልኳት። «የሚፈቀደው እስከ መቶ ነው።»

ገመሰችና አኘከች።

«ቸኩለህ ከዛፉ አውርደኸዋል። ትንሽ ፀሐይ ይቀረው ነበር፤» አለችው። «ለሠርጋችሁ የሚሆነውን እኔ ራሴ መጥቼ እሰቅለዋለሁ።»

ኮሄይ እጅ ነሳ፤ ቀና ለማለትም ጊዜ ወሰደበት። እኔ ግን አለቀስኩ።

ልትሄድ ስትል ፎጣውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መለኪያዋን ወጥ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።

«ስመላለስ ከምሸከማት እዚሁ ትቀመጥልኝ፤» አለች። «ቁልፏን ግን እንዳትነኩብኝ።»